ወደ ውስጥ የተጠረገ ቤት

ያ ቤት እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። ሁልጊዜ ጧት ነው። ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ከተማችንን ሞላሌን ውጧታል፤ የሚታየው የመስኮቱ መስተዋት ብቻ ነው፣ ወተት ውስጥ እንደ ወደቀ ብር። መጥረጊያዬን ይዤ እገባለሁ። እጠርጋለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ አፈሩ አያልቅም፤ እኔም አይደክመኝም። አንድ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ማን እንደሆነ ሳላይ እነቃለሁ።

ቤቱ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲሚንቶ ወለል ነበረው። የወረዳው ዳኛ ከሚስታቸው ጋር ይኖሩበት ነበር። ዳኛውን ጌታው እንላቸዋለን፣ ሚስታቸውን እሜቴ። እሜቴ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ፤ ልጅ አልወለዱም።

እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ የሰው ቤት እየለቀለቅሁ ነበር የምኖረው። ይኼን እንደ ቀላል የሚያይ አለ። ቀላል አይደለም። እበቱ ለምለም ሣር ከበላች ጊደር መሆን አለበት፤ ገለባው በጣት ተለቅሞ ይወጣል፣ ትንሽ አመድ ይገባበታል፣ ከዚያ በመዳፍ ግማሽ ጨረቃ እየሠሩ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፣ በበሩ መውጣት ነው። ጥሩ ልቅለቃ የሚታወቀው ሲደርቅ ነው። ካልተሰነጠቀ፣ የጣት መንገድ ካልታየበት፣ ቁንጫም ለጥቂት ቀን ከራቀ፣ ያቺ ሴት ሥራ ታውቃለች ይባላል። እኔን ይሉኝ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ የማን ቤት ቀድሜ እንደምገባ ሴቶቹ ይጣሉብኝ ነበር።

እሜቴም ይህንን ሰምተው አስጠሩኝ። የመጀመሪያ ቀን፣ «ወለሉን አሳምሪልኝ» ብለውኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ገብቼ አየሁት። ግራጫ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ወንዝ ዳር እንደተጣለ ድንጋይ። ሰው ይህን የሚያህል ቤት ሠርቶ ወለሉን ሳይጨርስ ሄደ ብዬ አዘንኩ። ሰፈሩን ዞሬ የጊደር እበት ፈለግሁ፣ አሸሁ፣ አጣራሁ፣ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም ለቀለቅሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ልቅለቃ አልሠራሁም። የእሜቴ ወጥ ቤት የሆነችው ሴትዮ በበሩ ብቅ አለች፣ አየችኝ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተመለሰች።

እሜቴ መጡ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ልቅለቃ ነው፣ እሜቴ።»

«በምን?»

«በእበት ነዋ። ትኩስ ነው።»

«በሲሚንቶዬ ላይ?»

«ራቁቱን ሆኖ ባየው አሳዘነኝ።»

«እሜቴ፣ እኔ ብያት ነበር!» አለች ወጥ ቤቷ ከጓዳ። አላለችኝም።

እሜቴ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቅሳሉ ብዬ ደነገጥሁ፤ ለካስ ሳቅ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በውሃና በሳሙና አሳጠቡኝ፤ በየጥጉ በቢላ ጫፍ አስፋቁኝ። «እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ ሲያልቅ፣ «ደንቡን ነው የማታውቂው።»

ደንቡን በወረቀት ጻፉልኝና ጓዳው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ማንበብ አልችል! ወረቀቱን ያነበበችልኝ ልጄ ናት። ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ በኩል ትመጣና ጣቷን በፊደሉ ላይ እያስኬደች ትነግረኛለች። ከላይ ጀምሪ፣ ወደ ታች ውረጂ። የሸረሪት ድር ቀድሞ፣ ወለል መጨረሻ። አቧራ በደረቅ አይጠረግም፣ ውሃ ይርከፈከፍበት። ከውስጠኛው ጥግ ወደ በር ጥረጊ። የቆሸሸ ውሃ ይቀየር። መስተዋት በአመድ ውሃ ታጥቦ በአሮጌ ጋዜጣ ይወልወል። ወለሉ ሲደርቅ ሰም በላምባ ቀልጦ ይቀባ፣ ከሱፍ በተሠራ የባና ቁራጭ ይታሽ።

እኔም እየሰማሁ፣ ጣቷን እያየሁ፣ ፊደሉን ለመድሁት። ሌላ ሰው ከዳዊት ይጀምራል። እኔ መጀመሪያ ያነበብሁት ቃል «አቧራ» ነው።

የእሜቴ ፈተና በነጭ መሐረብ ነበር። ሥራው ሲያልቅ በጣታቸው ጠቅልለውት የበሩን መቃን ጫፍ ይነካሉ፣ የወንበሩን እግር፣ የአልጋውን ሽቦ። ነጭ ሆኖ ከወጣ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ምስጋና ነው። ከጠቆረ መሐረቡን ዘርግተው ያሳዩኛል፣ ምንም ሳይናገሩ። ከቁጣ ይልቅ ያ መሐረብ ያስፈራኝ ነበር። እኔ መቼም ፈሪ ነኝ፤ ከጎረምሳ በሬም፣ ከነጎድጓድም፣ ከሰው ፊትም። ከሁሉ በላይ ግን የምፈራው ለልጄ ነው። ሁለቱን በኩፍኝ ቀብሬ እሷ ብቻ ነበረች የቀረችኝ።

በዚያን ጊዜ ከአራተኛ ክፍል በላይ የሚማር ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ እዚያ ዘመድ የለኝም። የባሌ ወንድም በየሳምንቱ እየመጣ፣ «ራቤል አገር ጥሩ ሰው አግኝቻለሁ፣ በጎቹ ብዙ ናቸው፣ በጥር እንዳራት» ይለኛል። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው እለዋለሁ። «አንቺስ ስንት ነበርሽ?» ይለኛል።

አንድ ቀን እሜቴ ልጄን ስታነብ ሰምተው ቆሙ። እሷ ከሄደች በኋላ ጠሩኝ።

«ጌታው ዝውውር ጠይቀዋል። ደብረ ብርሃን ከሄድን ይዣት ልሂድ? ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ትማራለች።»

መሬት ልስም ስል ያዙኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። እኔ የሰው ልጅ የምወስደው እናቷን አይቼ ነው። የነገርኋትን የምትሠራ እናት ልጅ ናት ልበል። እስከዚያ ደንቡን ጠብቂ።»

ከዚያ ወዲህ መቃኑን ሁለት ሁለት ጊዜ ወለወልሁት። ቤቱ ውስጥ ስሄድ በእንቅልፍ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጨረሩ በመስተዋቱ ገብቶ ሰሙ ላይ ሲያርፍ ወለሉ ኩሬ ይሆናል፤ ወንበሮቹ በኩሬው ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ፤ ልጄም ስትገባ ሁለት ትሆናለች፣ አንዷ ላይ፣ አንዷ ታች። ታችኛዋ ደብረ ብርሃን ያለችው ናት እል ነበር ለራሴ።

እንግዲህ ያቺ ቀን መጣች። ሐምሌ ነበር። ጌታው የዝውውሩን ነገር ለመጨረስ ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ነው፤ እስከ ጣርማ በር በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶት ነበር። ስንቅና ካፖርት እያሉ ሲወጡ ሲገቡ ቡት ጫማቸው ከመኝታ ቤት እስከ በር ወለሉን ጭቃ በጭቃ አደረገው። ስመው፣ መርቀው፣ ወጡ። በቅሎዋ ጉም ውስጥ ገባች።

እሜቴ ወደኔ ዞሩ። «በዘጠኝ ሰዓት ከመሐል ሜዳ አንዲት ትልቅ ወይዘሮ ይመጣሉ። ይኼ ወለል መስተዋት ይሁንልኝ። ዛሬ ነው የማይሽ።» እሳቸውም ጎረቤት ዘንድ ሰሃን ሊዋሱ ሄዱ።

መጥረጊያውን አነሣሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

በእኛ አገር መንገደኛ ከወጣ በዚያ ቀን ቤት አይጠረግም። ሰው ወጥቶ ቤት የሚጠረገው ሬሳ ሲወጣ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ የሚጠብቀውም የማይጠብቀውም አለ። እኔ አንድ ጊዜ አልጠበቅሁም። ባሌ ባና ሊሸጥ ወደ መርሐቤቴ ቆላ በወረደበት ጧት ማኅበርተኞች ይመጡብኝ ነበርና በአፈሩ አፈርሁ። እሱ ደጁን ሳይለቅ ጠረግሁት። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ጀርባው ላይ ጣለበት። ዞር ብሎ ጋቢውን አራገፈ፣ «ቸኮልሽብኝ» ብሎ ሳቀ። ጀማ በረሃ ውስጥ ንዳድ ያዘው። አልተመለሰም። የእሱ ሰዎች በለቅሶው ላይ፣ «ጠርጋ አስወጣችው» አሉኝ። ሁሉም ሰው ሰማ።

አሁን የጌታው ጭቃ ፊቴ ተዘርግቷል። ካልጠረግሁ ልጄ ትቀራለች። ከጠረግሁ ጌታው በመንገድ ይቀራሉ፤ ጌታው ከቀሩም ልጄ ትቀራለች። እዚያው መሃል ወለል ላይ ቆሜ ስንት እንደ ቆየሁ እንጃ። ወጥ ቤቷ መጣች።

«ምን ሆንሽ እቴ? ሥር አበቀልሽ?»

«ጌታው ወጥተዋልኮ።»

«እና? አንቺ ደግሞ ልትከተያቸው ነው?»

ያን ጊዜ ነው ዘዴው የመጣልኝ። አፈሩ ከቤት ካልወጣ ተጠረገ ይባላል? ከበሩ ጀመርሁ። ከበር ወደ ውስጥ፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ወረቀቱ የሚለውን ገልብጬ። የደረቀውን ጭቃ በእጄ ለቀምሁ፤ አቧራውን ውሃ ረጭቼ በጓሳ ሣር መጥረጊያዬ ወደ አልጋው አሰባሰብሁት። ሁሉንም በእህል ቁና ሞላሁት፣ ንጹሕ ጨርቅ አለበስሁት፣ አልጋው ሥር ገፋሁት። ያጠብሁበትን ውሃ እንኳ አልደፋሁም፤ በእንስራ አድርጌ ጓዳ አቆምሁት።

«ነገ ደግሞ ጭሱን በአቁማዳ ትከቻለሽ» አለች ወጥ ቤቷ።

«ዝም በይልኝ፣ በእናትሽ።»

«እኔ ምን አገባኝ። ለእሜቴ ግን እንስራው ውስጥ ጠላ ነው ብለሽ እንዳትቀጂላቸው።»

ሰም ቀባሁ፣ አሸሁ። በዘጠኝ ሰዓት እሜቴ መሐረባቸውን ይዘው ዞሩ። መቃን፣ ወንበር፣ የመስኮት ጥግ። ነጭ። ዝም አሉ። ልጄ ለእጅ ማስታጠቢያው ተጠርታ መጥታ ነበር፤ አየችኝና በዓይኗ ሳቀችልኝ።

ወይዘሮዋ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ነበሩ። በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ቤቱን ላሳይዎት ተባሉ። መኝታ ቤት ሲደርሱ ስለ ሽቦ አልጋው ሰምተው ነበርና፣ «እስቲ ይኼ የሚያነጥር አልጋ» ብለው ጎንበስ አሉ፣ የአልጋ ልብሱን ገለጡ። ጨርቅ የለበሰውን ቁና አዩት።

«አዬ! ለእኛ ያልቀረበውስ እዚህ ተደብቆ የለ እንዴ?» ብለው እየሳቁ ሳቡትና ጨርቁን አነሡት።

«ምንድን ነው?» አሉኝ እሜቴ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«አፈር ነው፣ እሜቴ።»

«የምን አፈር?»

«የጌታው ነው። ጧት የረገጡት።»

ወይዘሮዋ አንድ ጊዜ ቁናውን፣ አንድ ጊዜ እሜቴን አዩ። «አይ የአዲስ አበባ ሰው! የባልሽን ጭቃ በቁና ታስቀምጪያለሽ?» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሜቴ አልሳቁም። ልጄ ማስታጠቢያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን አላየሁም፤ ማየት አልቻልሁም።

እንግዳዋ ከሄዱ በኋላ እሜቴ አስጠሩኝ። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ መሐረቡ ጭናቸው ላይ ነው።

«አንድ ሥራ ነው የሰጠሁሽ።»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ጠርገሽ፣ አፈሩን መኝታዬ ሥር? ለማላገጥ ነው?»

ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ስለ ባሌ፣ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ጋቢው። ከለቅሶው ወዲህ ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«እና ጠርገሽ ስለነበር ነው የሞተው ትያለሽ?»

«እኔ አላልሁም። እነሱ ናቸው ያሉት።»

«አንቺስ?»

«አላውቅም፣ እሜቴ። ስለማላውቅ ነው የማልጠርገው።»

መሐረቡን ጭናቸው ላይ አጠፉት። «እኔ በዚህ አላምንም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ሲነጋ ቁናውን ትደፊዋለሽ። ስለ ልጅሽ ያልሁትን ግን… እንጃ። ሂጂ አሁን።»

ወደ ቤታችን ሄድን። ልጄ በመንገድ ላይ እጄን ያዘች። እጇ ከእጄ ይሞቅ ነበር።

ሲነጋ ሄድሁ። አልጋው ሥር ቁናው የለም። ወጥ ቤቷን ጠየቅኋት።

«እሜቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል» አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ።

ጌታው በስምንት ቀን እመለሳለሁ ብለው ነበር የሄዱት። ስምንት ቀን ሆነ። ዐሥር ሆነ። ዝናቡ አላባራም፤ ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ተበላሽቷል የሚል ወሬ ብቻ ነበር የሚመጣው። እሜቴ መሐረብ ይዘው መዞር ተዉ። መስኮቱ አጠገብ ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸው መስተዋቱን ያጨልመዋል፤ ሲሄዱ ገብቼ እወለውለዋለሁ። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ብገባ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ፊቱ ተቀምጠዋል። ጨርቁን አስተካከሉና ዘጉት። አላየሁም አልኋቸው፤ አላየሽም አሉኝ።

ለልጄ ከዚያ በፊት እግዜርን የለመንሁላት ትምህርት ነበር። በነዚያ ቀኖች የለመንሁት ግን ለጌታው ነው። ከልቤ ነው፣ ግን ለእሳቸው ብቻ ብዬ አልዋሽም።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ጧት፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሰም እያሸሁ ነበር። እሜቴ ባዶ እግራቸውን ሮጠው አለፉኝ። መኪናው ጣርማ በር ላይ ጭቃ ውጦት ነበር፤ ጌታው ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል፣ ግን ቆመው ይሄዳሉ። በዚያ በጭቃ ቡት ጫማቸው ሰሙ ላይ ወጡበት። እሜቴ እግራቸውን እንኳ አላዩም።

ትንሽ ቆይቶ እሜቴ ከመኝታ ቤት ወጡ። ቁናውን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። በአጠገቤ አልፈው ጓሮ ሄደው ራሳቸው ደፉት። ባዶውን ሰጡኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከጥግ ወደ በር ነው» አሉኝ።

«እሺ፣ እሜቴ።»

«ልጅሽንም አዘጋጂ። ዝውውሩ ሆኗል።»

ጳጉሜን ላይ ነው የሄዱት። ልጄ ከንጹሕ ቤት ትውጣ ብዬ በዋዜማው ቤቴን ለቀለቅሁት። ክረምት ነው፣ በአንድ ቀን አልደረቀም። ጧት ስትወጣ በሩ አጠገብ ተረከዟና አምስት ጣቶቿ ታትመው ቀሩ። ትሄዳለች ብዬ ስፈራ፣ ትቀራለች ብዬ ስፈራ ነበር የከረምሁት፤ ሲደርስ ሁለቱም ፍርሃት አንድ ላይ መጣ። «እማዬ፣ እጽፍልሻለሁ፤ ታነቢው የለ!» አለችኝ። እሜቴ በቅሏቸውን አቁመው ጎንበስ አሉ። ወጥ ቤቷ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዛሬ ቤትሽን እንዳትጠርጊ።»

አልጠረግሁም። ሦስት ቀን መጥረጊያ አልነካሁም። የባሌ ወንድም መጥቶ፣ «የሰው ቤት ስታበሪ የራስሽን ጣልሽው» ብሎ ሰደበኝ፤ ስለ ራቤሉ ሰውዬም ሲጮህ ዋለ። ይጩህ። እሱ ከሄደ በኋላ ከበር ወደ ውስጥ ጠረግሁ፣ እሜቴ በተዉልኝ በዚያችው ቁና ሰበሰብሁ፣ ከመደቡ ራስጌ አስቀመጥሁት። የተረከዟን ቦታ ሳልነካ አለፍሁ። ደብዳቤዋ ሲመጣ ቃል በቃል እየለቀምሁ አነበብሁት፤ ውሃን፣ ጥግን፣ በርን አውቃለሁ፣ «ናፍቆት» የሚለው ግን ከደንቡ ወረቀት ላይ አልነበረምና ብዙ አቆየኝ።

በሐምሌ መጣች። ቁመቷ ከትከሻዬ አልፏል፣ ጫማ አድርጋለች። ጫማዋን ከበሩ ውጭ አወለቀች። ገብታ ጣቷን በመቃኑ ላይ አስኬደችና እንደ እሜቴ ዝም ብላ አሳየችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቁናውን አየችው። ጨርቁን አነሣች።

«እማዬ፣ ይኼስ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው።»

ጨርቁን መልሳ አለበሰችው። ከዚያ እንደ ሕፃን አቀፈችውና ወጣች። ጓሮው ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ግን የበሩን ብርሃን እያየሁ ቁጭ አልሁ። ጉሙ ደጁ ድረስ መጥቶ ነበርና ወጥታ አልታየችኝም። ሲራገፍ ሰማሁት፣ እንደ ዝናብ ጠብታ ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ እግሯ ተሰማ፣ ከዚያ ጥላዋ፣ ከዚያ እሷ።

ባዶውን ቁና ከመደቡ ራስጌ መለሰችው፤ ጨርቁንም አጥፋ ውስጡ አስቀመጠች።

«ይቀመጥ» አለችኝ። «በመስከረም ስሄድ ትፈልጊዋለሽ።»